ወጥቷል ወይ የሚባልበት አገር

ግራር አፋፍ የሚባለው መንደር ከዝም አምባ ሥር፣ ገደሉ ከቀትር በኋላ ጥላውን በሚጥልበት ተዳፋት ላይ ይገኛል። ዛሬ የመኪና መንገድ ገብቶለታል፤ ወፍጮም ተተክሎለታል፤ ቤቱም አብዛኛው ቆርቆሮ ስለ ለበሰ በመልክ ከሌላው መንደር ብዙም አይለይም። የሚለይበት አንድ ነገር ግን አለ። በግራር አፋፍ ማዕድ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጸሎት ከመደረሱ በፊት፣ ከተቀመጡት መካከል በዕድሜ የገፋው ሰው «ወጥቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ «ወጥቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ካልመለሰ በቀር እጁን ወደ ምግቡ የሚሰድ የለም። «ወጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» ማለት አይበቃም። ያየ ሰው ከቤቱ ከታጣ አንዱ ተነሥቶ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ከጎረቤትም ከታጣ እስከ ገደሉ ሥር ሄዶ አይቶ ይመጣል፤ እሱ እስኪመለስ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ የሚጀምር የለም።

ወጥቷል ወይ የሚባለው ለዝም አምባ ገዳም የሚላከው የዕለት ቀለብ ነው። ከወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች በዚህ ነገር ሲቀልዱ ኖረዋል። «ግራር አፋፎች ለእግዜር አንድ ዳቦ ሰጥተው ዓመት ያወሩለታል» ይላሉ። ሠርግ ሲጠሩም ጠላው የዘገየ እንደሆነ ከዳሱ ጥግ ሆነው «ጠላውስ ወጥቷል ወይ?» እያሉ ሰዉን ያስቃሉ። ምጽዋት በስውር ይሁን ተብሎ በተማርንበት አገር እንዲህ ጮክ ብሎ መጠየቅ ለእንግዳ ሰው ትዕቢት ቢመስለው አይፈረድበትም። ሽማግሌዎች ሲናገሩ እንደሰማነው ግን የግራር አፋፍ ሰዎች ምጽዋትም በጥንት ጊዜ ስውር ነበረ፤ እንዲያውም ከማንም አገር ይልቅ ስውር ነበረ። ነገሩም የመጣው ከዚያው ነው።

ዘመኑ በማን ንጉሥ እንደነበረ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። አንዳንዶች ከከብት በሽታ በፊት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በኋላ ነው ይላሉ። ሳያውቁ ከመቁረጥ በዚሁ መተው ይሻላል።

ዝም አምባ ዙሪያውን ገደል ነው። በላዩ ያለው ገዳም ከጥንትም ሁለት ሥራ ነበረው ይባላል። አንደኛው አርምሞ ነው፤ መነኮሳቱ ከሰንበት በስተቀር ቃል ሳያወጡ፣ በአምባው ምሥራቅ በኩል በተርታ ባሉት ዋሻዎች ደጃፍ ተቀምጠው፣ በልባቸው ብቻ ሲጸልዩ ይውላሉ። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ልጅ፣ የድኻም ይሁን የባለጸጋ፣ ያለ ምንም ዋጋ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ይማራል። ያ ሁሉ ዝምታና ያ ሁሉ የልጆች ጩኸት በአንድ አምባ ላይ እንዴት ተስማማ ቢባል፣ መነኮሳቱ የልጆቹን ድምፅ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሰሙት ነበር ይባላል፤ ሲያቆም ነበር አሉ የሚደነግጡት።

በሌላ አገር ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ ለምኖ ነው የሚማረው። የዝም አምባ ተማሪ ግን አይለምንም። ወደ አምባው የሚወጣው በጠፍር ተንጠልጥሎ ስለሆነ፣ በፊት ለልመና ሲወርዱ የወደቁ ልጆች ነበሩና፣ የግራር አፋፍ አባቶች «ልጆቹ ከሚወርዱ እህሉ ይውጣ» ብለው ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከገደሉ ሥር፣ ማውጫ በሚባለው ጥርብ ድንጋይ ላይ፣ በቆዳ የተለበደ ትልቅ ቅርጫት በገመድ ታስሮ ይቀመጥ ጀመር። በገመዱ ላይኛ ጫፍ ጠጠር ያለበት ቅል ተንጠልጥሏል። ያመጣውን ያኖረ ሰው ገመዱን ይነቀንቃል፤ ቅሉ ይንኳኳል፤ ማታ ላይ መነኮሳቱ ይስቡታል። ገመዱ ካልተነቀነቀ አይስቡም፤ ቢርባቸውም አፍ አውጥተው አይጠይቁም። ሕጋቸው ነበር።

የመንደሩም ሰው በበኩሉ የራሱ ሕግ ነበረው። የሚሰጠው እንዳይመካ፣ ያጣውም እንዳያፍር ተብሎ፣ ማን እንደሰጠና ምን ያህል እንደሰጠ ማንም እንዳያውቅ ተስማሙ። ተራ የለም፤ ጠሪ የለም። ሰው ልቡ እንዳለው ሲመሻሽ ብቻውን ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ቢያገኝ ፊቱን ያዞራል። ቅርጫቱ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ ጨርቁን ሳይገልጥ በሥሩ እጁን ሰድዶ ያመጣውን ያኖራል። ገልጦ ያየ ሰው የጎረቤቱን ምጽዋት እንደቆጠረ ይታይ ነበር፤ ከማየትም መጠየቅ ይብስ ነበር። እንዲህም ሆኖ ቅርጫቱ ባዶውን የዋለበት ቀን አልነበረም ይባላል። አባት ለልጅ ሳይነግረው፣ ባልም ለሚስቱ ሳይነግራት፣ አገሩ ሁሉ ይሰጥ ነበር። ሰዎቹ በዚህ ሥርዓታቸው ደስ ይላቸው ነበር፤ ደስ ቢላቸውም አይፈረድባቸውም።

በዚያ ዘመን እመት ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ደርሶ ይባላል፤ ጨዋታ የሚወድ አራሽ ነበረ። ከወለዷቸው መካከል የቀረላቸው ጥበቡ ብቻ ነበር። ጥበቡ በሕፃንነቱ ከግራር ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱን ስለ ተሰበረ ለእርሻ አይበጅም ተብሎ፣ እሱም ትምህርት ስለ ወደደ፣ ወደ አምባው ወጣ። ሴት ወደ ዝም አምባ አትወጣም። አንዴ የወጣ ልጅ ደግሞ ያገር ሁሉ ልጅ ይባላል እንጂ እናት አለው አይባልም፤ እናቱም ለእሱ ብላ ለይታ ምንም አትልክም። ትርንጎ ይህን ሁሉ አውቃ ነው የሰጠችው።

ሆኖም አንድ ነገር ቀረላት። የአምባው ደወል ከወይራ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ጠዋትና ማታ ሦስት ጊዜ ይመታል። ጥበቡ አደግ ሲል ደወሉን እንዲመታ ታዘዘ። ሁለት ጊዜ በቀኙ ከመታ በኋላ የተሰበረው ክንዱ ስለሚደክምበት መምቻውን ወደ ግራ እጁ ያዛውረው ነበር፤ ስለዚህ ሦስተኛው ዘወትር ትንሽ ይዘገያል። የመንደሩ ሰው ይህን ልብ አላለውም። ትርንጎ ግን በመጀመሪያው ቀን አወቀችው። ማታ ማታ ከደጃፏ ቆማ ሁለቱን ትሰማለች፤ ሦስተኛውን ትጠብቃለች፤ ሲመጣ ወደ ቤቷ ገብታ ትተኛለች። ደርሶ እየሳቀ «ልጅሽ ደህና እደሩ አለን?» ይላታል። እሷም «ብሏል፤ አንተንም ጨምሮ» ትላለች።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ። ገብሱ ሊታጨድ ሲል በኅዳር ውርጭ መታው፤ ባቄላውም እንደ ጠቆረ ቀረ። ሰዉ እስከ ፋሲካ በጎታው ግርጌ በቀረው ኖረ፤ ከፋሲካ በኋላ ለዘር ካስቀመጠው ነካ፤ ክረምቱ ሲገባ ጎመንና ሳማ ይቀቅል ጀመር። በየቤቱም አንድ ዓይነት ሐሳብ ይታሰብ ነበር ይባላል። «እኔ ዛሬ የለኝም፤ ያላቸው ግን አሉ፤ እነሱ ይልካሉ፤ እኔ ሳገኝ እክሳለሁ» ይላል እያንዳንዱ። ማንም ማንንም ስለማይጠይቅ፣ ያ ጎረቤትም እንዲሁ ያስብ እንደነበረ የሚያውቅ አልነበረም። አምባውም ክረምቱን በጉም ተሸፍኖ አይታይም። የሚሰማው ደወሉ ብቻ ነበር፤ ደወሉም ጠዋትና ማታ አንድም ቀን አልቀረም።

ሌሎቹ ሲተዉ ትርንጎ አልተወችም ይባላል። ከቀቀለችው ላይ፣ ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች፣ ትንሽም ብትሆን ወስዳ ታኖር ነበር። አንድ ቀን ግን ከምንጩ ዳር እትየ ማዘንጊያ የምትባል ጎረቤቷ አየቻት። ማዘንጊያ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አፏ ግን አያርፍም።

«ትርንጎ፣ ዛሬም ወደ ማውጫው ነው?» አለቻት።

ትርንጎ መንገዷን ቀጠለች።

«የሷ ምጽዋት እኮ መንገዱን ያውቃል» አለች ማዘንጊያ ለሌሎቹ ሴቶች። «የኛ ይዞራል፤ የሷ ግን ቀጥ ብሎ አንድ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ሴቶቹ ሳቁ። በዚያ ዓመት የሚያስቅ ነገር ጥቂት ስለነበረ ሳቁ እንጂ በክፋት አልነበረም ይባላል። ትርንጎን ግን ውስጧን ነካት። ስውር መሆን የነበረበት ታይቷል፤ ለአገር ልጅ የተባለውም ለልጇ ነው ተብሏል። ፍልሰታ ሲገባ በጾሙ ልማድ ሰው ሁሉ እህል ስለሚቀንስ፣ «ጾሙ እስኪፈታ ሌሎች ይላኩ፤ እኔን ሰው አይቶኛል» ብላ መሄዱን ተወች። የተወችው ለሕጉ ብላ ነው። ይህን ሽማግሌዎቹ አጥብቀው ይናገሩታል፤ እኛም እንደ ነገሩን ማድረስ ይገባናል።

መሄዱን ትታ ግን ዕረፍት አላገኘችም። አንድ ማታ ባሏን እንዲህ አለችው፤

«ደርሶ፣ ቅርጫቱ ውስጥ የሚያኖር ሰው ያለ ይመስልሃል?»

«እንዴት አይኖርም? ያገር ሰው የት ሄዶ?»

«ያገር ሰውስ ከእኛ የተለየ ምን አለው?»

«ደወሉ አይሰማሽም እንዴ? የራበው ሰው በጠዋት ተነሥቶ ድንጋይ ይደበድባል?» አለና ሊያስቃት ፈለገ። «አንቺ ደግሞ ገና ጡት ሲጠባ ጀምሮ ልጄ ተራበ ነው ወሬሽ። ያኔ እንደ ዱባ ክብልል ብሎ፣ ያቀፈችው ሴት ሁሉ ወገቧን ስትይዝ ነበር።»

«መነኮሳቱስ?»

«እነሱማ በፋሲካም አይበሉም፤ እንኳን በፍልሰታ።»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቄሰ ገበዝ ይኄይስን ከደጀ ሰላሙ አገኘቻቸው። አጎንብሳ መስቀል ተሳለመችና ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ሰው ቅርጫቱን ገልጦ ቢያይ ኃጢአት ነው?»

«ምን ፈልጎ ነው የሚያየው?»

«ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ባዶ ቢሆንስ? ማን እንዳልሰጠ ልትቆጥሪ ነው?»

«ማንን እቆጥራለሁ አባቴ። እኔ ራሴ አልሰጠሁም።»

 ቄሰ ገበዙም ለገዳሙ ከላኩ እንደቆዩ፣ ቤታቸውም ሳማ ይበላ እንደነበረ ኋላ ተናግረዋል። ያን ቀን ግን «ልጄ፣ አባቶች የሠሩትን ሥርዓት በአንድ ክፉ ዓመት አናፍርስ። ሌላው ሰጥቷል ብለሽ እመኚ፤ ሰውን በመልካም መጠርጠርም ጽድቅ ነው» አሏት። ትርንጎም እሺ ብላ ሄደች። ቄሱ የተናገሩት ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም በሌላ ዓመት ቢሆን መልካም ምክር ነበር።

በነዚያ ቀናት ትርንጎ ማታ ማታ ደወሉን ስትሰማ አንድ ነገር ትታዘብ ነበር። ሦስተኛው ከወትሮው እየዘገየ ሄደ። ድምፁም ዝቅ አለ። «ጉሙ ነው» አለ ደርሶ፤ እሷም ጉሙ ነው አለች። ዘግይቶም ቢሆን ይመጣ ነበርና ገብታ ትተኛ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ጠዋት ግን ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ገብቶ፣ ያቺን የቀረችውን ለበዓሉ ያቆያትን አቀራርቦ ሳለ ደወሉ ተመታ። አንድ አለ። ሁለት አለ። ትርንጎ በአንድ እጇ ትንሽ የገብስ ዳቦ ይዛ፣ በሌላው እጇ የበሩን መቃን ይዛ ጠበቀች። ደርሶ ከውስጥ «ነይ እንጂ፣ በረደ» አላት።  ሦስተኛው አልመጣም።

ዳቦውን እንደያዘች ወደ ማውጫው ሮጠች። እዚያ ስትደርስ ጨርቁን አልገለጠችም ይባላል፤ ከልማዱ የተነሣ እጇን እንደ ወትሮው በሥሩ ሰደደች። እጇን የነካት እህል አልነበረም፤ የሸረሪት ድር ነበር። ከቅርጫቱ አፍ እስከ ጨርቁ ድረስ አድርቶበት ነበር። እጇን አውጥታ ድሩን አየችው። ከዚያ ዳቦውን አኖረችና ገመዱን ነቀነቀች። ከላይ ቅሉ ሲንኳኳ ተሰማት። ብዙ ቆየና ገመዱ ተወጠረ። ቅርጫቱ ከድንጋዩ ጥቂት ከፍ አለ፤ ቆመ፤ ተመልሶ ወረደ። እንደገና ተወጠረ፤ እንደገና ወረደ። አንዲት ዳቦ ያለችበትን ቅርጫት መሳብ ያቃተው ሰው ከላይ እንዳለ ያን ጊዜ አወቀች።

ወደ መንደሩ ተመልሳ በመጀመሪያ ያገኘችው ደጅ የማዘንጊያን ነበር። ቤተ ሰቡ በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ማዘንጊያ የመጀመሪያውን ጉርሻ ልታነሣ ነው።

«ወጥቷል ወይ?» አለች ትርንጎ።

«ምኑ?»

«ለአምባው። ከቤታችሁ ወጥቷል ወይ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በግራር አፋፍ ከዚያ በፊት ተጠይቆ አያውቅም። ማዘንጊያ ጉርሻውን መልሳ አስቀመጠች። «ሌሎች ልከዋል» አለች።

«ሲልክ ያየሽው ሰው አለ?»

ማዘንጊያ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡትን ተራ በተራ አየች። ትርንጎ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። «ወጥቷል ወይ? ያየ አለ?» ትላለች፤ «ሌሎች ልከዋል» ይሏታል። ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር፣ ከቄሰ ገበዙ ቤት እስከ ራሷ ቤት፣ በየደጁ የሰማችው መልስ ያው አንዱ ነበር፤ ያየ ግን አልተገኘም። እሷ ከኋላዋ ትታው በሄደችው በየደጁ ሰው ምግቡን ትቶ ይወጣ ጀመር። የመጨረሻው ደጅ ላይ ስትደርስ መንደሩ በሙሉ በስተኋላዋ ቆሞ ነበር ይባላል።

ወንዶቹ በጠፍሩ ወጡ። ደርሶ ቀድሞ ወጣ። ሴቶቹ ከማውጫው ዙሪያ ቆመው ጠበቁ፤ በየቤቱ ቀርቦ የነበረው ምግብም ተለቅሞ እዚያ መጣ። ከላይ የሆነውን ወንዶቹ ከዚያ በኋላ ብዙም አላወሩትም። መነኮሳቱን በየዋሻቸው ደጃፍ፣ እንደ ተቀመጡ አርፈው፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ እንደሆነ አገኟቸው ይባላል። የነበረችውን ቀለብ ለልጆቹ ትተው እነሱ ቅጠል እየበሉ ቆይተው፣ ኋላም ቅጠሉን ለልጆቹ ትተው ነበር። ከልጆቹ መካከል በሕይወት የተገኙ ነበሩ። በጠፍር መውረድ የማይችሉ ስለሆኑ በዚያው ቅርጫት አንድ በአንድ ያወርዷቸው ጀመር።

ቅርጫቱ በወረደ ቁጥር ትርንጎ ቀድማ ትቀርባለች፤ ጨርቁን ገልጣ ታያለች፤ ልጁን አቅፋ ታወጣውና በአፉ ውኃ ታንጠበጥብለታለች፤ ለአንዷ ሴት ትሰጥና ደግሞ ቅርጫቱን ትጠብቃለች። ልጆቹ ከሩቅ አገር የመጡ ነበሩ፤ ከዚያ ቆመው ከነበሩት ሴቶች መካከል በአምባው ላይ የወለደችው ያላት እሷ ብቻ ነበረች። በየጊዜው የምታወጣው የሌላ ሰው ልጅ ነበር። ማዘንጊያ አጠገቧ ቆማ የምትሰጣትን ትቀበል ነበር፤ አንድም ቃል አልወጣትም።

በመጨረሻ የወረዱት የልጆቹ መምህር የኔታ ዕንባቆም ነበሩ። ሰውነታቸው እጅግ ከስቶ፣ ከቅርጫቱ ሲያወጧቸው ከልጆቹ ብዙም አይከብዱም ነበር ይባላል። ከእሳቸው በኋላ ቅርጫቱ አልወጣም። ደርሶ ከላይ አልወረደም ነበር።

ትርንጎ አጠገባቸው ተንበረከከች። «የኔታ፣ ጥበቡስ?» አለች።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ፍልሰታ በገባ ሳምንት ነው» አሉ። «ትኩሳት ነበረበት፤ ከዚያ ላይ ረኀቡ። በወይራው ሥር ቀበርነው።»

«ደወሉ ይመታ ነበር።»

«እኔ ነኝ የመታሁት።»

«ሦስተኛው ይዘገይ ነበር። የሱ እጅ ነው።»

«እናቴ በአመታቴ ታውቀኛለች ብሎ ነግሮኝ ነበር» አሉ የኔታ። «ሁለት ደህና እጅ እያለኝ ለሦስተኛው እቆይ ነበር። ኋላ ላይ እንኳ ደክሞኝ ነው የቆየሁት። ዛሬ አቃተኝ።»

«ለምን እንደሱ አድርገው ይመቱ ነበር?»

«ከታችም እንደሌለ እናውቃለን፤ ቢኖራቸው ይልኩ ነበር፤ ብንጠይቃቸው ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ነው የሚሰጡን ብለን ዝም አልን። ደወሉ ከቀረ ሰዉ ይጨነቃል፤ አንቺም ትጨነቂያለሽ። በሰላም እንድትተኙ ብለን ነው።»

 ትርንጎም «ተኝቼማ ነበር፣ የኔታ» አለች። 

ያን ቀን የቀረው ምግብ እዚያው ማውጫው ዳር ለልጆቹ በትንሽ በትንሹ ተሰጠ። ማታ ሰዉ ወደየቤቱ ሲገባ የተረፈውን አቅርቦ ተቀመጠ፤ ነገር ግን ሊበላ አልቻለም። ቄሰ ገበዝ ይኄይስ ከቤታቸው ሚስታቸውን «ወጥቷል ወይ?» ብለው ጠየቁ ይባላል። ሚስታቸው «ወጥቷል» ብትላቸው «አይተሻል?» አሉ። «አይቻለሁ» ስትላቸው ነው ጸሎት ያደረጉት። በማግስቱም እሑድ ሳይሆን ሰዉን ሰብስበው፣ «እኔ ሰውን በመልካም ጠርጥሩ ብዬ አስተምሬ ነበር። ከእንግዲህ ሰው ይጠይቅ፤ የተጠየቀም አይፈር፤ የሌለው የለኝም ይበል። ደወል ሰማሁ የሚል ግን አይመስክር፤ እኛ ሁላችን ደወሉን እየሰማን ነው የበላነው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለቡ ተራ ወጣለት፤ ተራው የደረሰው ቤትም ጨርቁን ገልጦ፣ ለጎረቤቱ አሳይቶ ይልካል።

ዛሬም ተራው የደረሰው ሰው እስኪመጣ የጎረቤት ልጆች ከማውጫው ዳር ይሰበሰባሉ፤ ቅርጫቱ ሲወጣ ማየት ለነሱ ጨዋታ ነው። ገመዱ ዛሬ የናይሎን ነው፤ ቅሉም ተሰብሮ በቆርቆሮ ጣሳ ተተክቷል። ሥራ ፍለጋ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የሄዱ የግራር አፋፍ ልጆች ምሳ ሲቀርብላቸው ወደ አገር ቤት ስልክ ደውለው «ወጥቷል ወይ?» የሚሉ አሉ፤ ገንዘብ የሚልኩም አሉ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ሳያዩ «አይቻለሁ» ይላሉ ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ ክፉ ነው፤ ለሰው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ያ ዓመትም የገባው እንዲሁ በቀላል ነገር ነው።

ትርንጎ ኋላ ምን እንደሆነች ሁለት ዓይነት ይነገራል። መንኩሳ ከገደሉ ሥር ጎጆ ሠርታ፣ ቅርጫቱን ስትጠብቅ አረጀች የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ከደርሶ ጋር ወደ ቆላ ወረደች፤ ደወል የማይሰማበት አገር ፈልጋ ነው ይላሉ። ከማውጫው አጠገብ የትርንጎ የሚባል የተደረመሰ የድንጋይ ካብ አለ፤ የጎጆ ይሁን የእርሻ ድንበር ግን መለየት አይቻልም።

የኔታ ዕንባቆም ከዳኑት ልጆች ጋር ወደ አምባው ተመልሰው ጉባኤያቸውን እንደገና ዘረጉ። ደወሉን የሚመታው ተማሪ እስከ ዛሬ በቀኝ እጁ ሁለት ይመታና መምቻውን ወደ ግራ እጁ ያዛውራል፤ ክንዱ ደህና ቢሆንም እንዲሁ ነው የሚማረው። እንግዳ ሰው ሲሰማ መቺው የረሳ ይመስለዋል። የመንደሩ ሰው ግን መንገድ የሚሄድም እንደሆነ ይቆማል፤ ጉርሻ ያነሣም እንደሆነ እጁን በአየር ላይ ያቆያል፤ ሁለቱን ከሰማ በኋላ ሦስተኛው እስኪመጣ ድረስ በግራር አፋፍ የሚናገር ሰው የለም።